ካርታው ላይ ያለው ቀይ ነጥብ የማን ዓይን ነው?

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ «ይሄ ያንተ ነገር ነው» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ጉዳዩ ግራፊቲ ነው። ያለ ፈቃድ ግድግዳ ላይ የሚጻፈውና የሚሳለው ነገር ከተማ ውስጥ የት የት እንደሚበዛ በካርታ ስለማሳየት። ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ካርታዎቹም ያምራሉ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹን አንቀጾች ሳነብ አንገቴን እየነቀነቅኩ ነበር። የተጣላነው ጸሐፊው ከካርታው ተነስቶ ፍርድ መስጠት ሲጀምር ነው።

ላላነበባችሁት ፍሬ ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚለው ነዋሪዎች ለማዘጋጃ ቤት የሚያደርሱትን ጥቆማ ሰብስቦ ካርታ ላይ ማስፈር በቂ ነው። ነጥቦቹ ድሃና ችላ የተባሉ ሰፈሮች ላይ ይከማቻሉ። ግራፊቲው ካልጸዳ ወንጀል ይከተላል፤ ምስክሩም የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ነው። ጥቆማው ጉድለት ካለበት ካሜራና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሞሉታል። ፈቃድ የሌለው ሁሉ አንድ ስለሆነ በአንድ ቀለም ይቀመጥ። ቀይ በሆነው ቦታ የፖሊስ ቅኝት ይጠናከር። ካርታውም ከነዝርዝሩ ለሁሉም ክፍት ይሁን።

በተራ ልሂድባቸው። ክብደታቸው እኩል ስላልሆነ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ። (የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጥቆማዎቹን ካርታ ላይ ማስፈር በቂ ነው»

ትልቁ ጸባችን እዚህ ላይ ነው። አንዲት ነጥብ ካርታ ላይ እንድትቀመጥ ስንት ነገር መሟላት እንዳለበት እናስብ። መጀመሪያ አንድ ሰው ግድግዳ ላይ ይጽፋል። ሌላ ሰው በዚያ ያልፍና ያየዋል። ያየው ሰው ይናደዳል። የተናደደው ሰው የት እንደሚደወል ያውቃል። ብደውል ሰሚ አገኛለሁ ብሎም ያምናል። ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ ነጥብ የለችም። ግድግዳው ግን እንደተሞነጫጨረ ነው።

ሁለት መንገዶችን አስቡ። በአንደኛው መንገድ ላይ አንዲት ታግ አለች። ታግ ማለት በአንድ ትንፋሽ የምትጻፍ የስም ፊርማ ናት። በዚያ መንገድ የሚኖሩት ሰዎች የቤታቸው ዋጋ ያሳስባቸዋል፤ ስልክ መደወልም አይሰለቻቸውም። ያቺኑ አንዲት ታግ አምስት ሰው ይጠቁማታል። በሌላኛው መንገድ ላይ ሃያ ታግ አለ። ነዋሪዎቹ ቀድሞ ለፈሰሰ ቱቦ ደውለው መልስ ያጡ ናቸው። ማንም አይደውልም። በካርታው ላይ የመጀመሪያው መንገድ ቀልቷል፣ ሁለተኛው ንጹሕ ነው።

ይህ የኔ ምናብ ብቻ አይደለም። የአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ በ2010ዎቹ መጀመሪያ አንድ የስልክ አፕ አውጥታ ነበር። መኪና ውስጥ ያለው ስልክ ሲናወጥ የመንገዱን ጉድጓድ በራሱ ይመዘግባል። ማንም መደወል አያስፈልገውም፤ ግሩም ሐሳብ ነው። ችግሩ ዘመናዊ ስልክና መኪና ያለው ሰው የሚበዛው ገቢው ደህና በሆነበት ሰፈር መሆኑ ነው። ስለዚህ በአፑ ብቻ የሚመራ ጥገና ጉድጓድ የበዛበትን ሳይሆን ስልክ የበዛበትን ሰፈር ይጠግናል። ግራፊቲ ላይ ነገሩ ይብሳል። ጉድጓድ ማንንም ያናውጣል። ግድግዳ ላይ ያለ ጽሑፍ ግን አንዱን ያናድዳል፣ አንዱን ያስቃል፣ አንዱ ጭራሽ አያየውም።

በአሜሪካ ከተሞች ለእንዲህ ዓይነት ጥቆማ 311 የሚባል ቁጥር አለ። በ1996 ባልቲሞር ጀመረችው፤ ኒውዮርክ በ2003 ተከተለች። ከዚያ የሚወጣው መረጃ ዋጋ አለው። የጽዳት ቡድኑ ነገ ጠዋት የት ይሂድ ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ ነው። ጸሐፊው ግን ይህንኑ መረጃ ወስዶ ግራፊቲ የት አለ ለሚለው ጥያቄ መለሰበት። የደዋዮችን ካርታ የግድግዳ ካርታ አደረገው።

የቦታው ጉዳይም አለ። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ስልኬን ይዤ የአንድን መንገድ ግድግዳዎች በእግሬ እየዞርኩ መዝግቤ ነበር። እያንዳንዱን ፎቶ አነሳሁ፣ ቦታውን ስልኩ ራሱ ያዘልኝ። ቤት ገብቼ ካርታ ላይ ስዘረጋቸው ግማሾቹ አስፋልቱ መሃል ተኝተዋል፤ ጥቂቶቹ ጣሪያ ላይ ወጥተዋል። የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ሜዳ ላይ እንኳ አምስት ሜትር ገደማ ሊስት ይችላል። ረጃጅም ሕንጻዎች መሃል ሲገባ ምልክቱ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ስለሚመጣ ስህተቱ ያድጋል። በስልክ የመጣ ጥቆማ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአቅራቢያው ካለ የቤት ቁጥር ወይም መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው የሚለጠፈው። ከሕንጻው ጀርባ ያለው ግድግዳ ከፊቱ ይሆናል፤ ድልድይ ሥር ያለው ድልድይ ላይ ይወጣል። ለከተማ ደረጃ ካርታ ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ጸሐፊው ግን «የትኛው ግድግዳ» እስከማለት ወርዷል።

ጊዜም ሌላ ጣጣ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ያለው ቀን ጥቆማው የደረሰበት እንጂ ቀለሙ የተነፋበት አይደለም። በመካከሉ አንድ ቀን ሊሆን ይችላል፣ አንድ ዓመትም ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው «ሰኞ ሰኞ ይበዛል» ያለውን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ሰኞ የሚበዛው ሰው ከእረፍት ተመልሶ ቢሮ ሲገባ ስለሚደውል ይሆን? ከሰጠን መረጃ ብቻ ይህንን መለየት አይቻልም።

ሌላው በካርታው ላይ ፈጽሞ የማይታይ ነገር ግድግዳው ራሱ ነው። ወንጀልን ስንቆጥር ለሕዝብ ቁጥር እናካፍላለን። ግራፊቲንስ ለምን ነገር ነው የምናካፍለው? ለሚጻፍበት ቦታ ነው መካፈል ያለበት። ረጅም ባዶ ግንብ፣ የባቡር ሐዲድ ዳር አጥር፣ የመሸጋገሪያ ድልድይ ሥር፣ መስኮት የሌለው የመጋዘን ጎን። እነዚህ የበዙበት ሰፈር ነጥብ ይበዛበታል። ቤቶቹ በአትክልት አጥር የተከበቡበት ሰፈር ደግሞ ምንም ያህል ጸባይ የሌለው ልጅ ቢኖርበት የሚጻፍበት የለም። ጽድ ላይ ስፕሬይ አይያዝም። ጸሐፊው ግን በየወረዳው ያሉትን ነጥቦች ደምሮ ወረዳዎቹን አቀለማቸው። የወረዳው ድንበር በሌላ በኩል ቢያልፍ ቀለሙም ይቀየር ነበር። ካርታ ሠሪዎች ይህንን ችግር ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያውቁታል።

«ግራፊቲ የድሃ ሰፈር ምልክት ነው»

ኒውዮርክ ውስጥ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ «ታኪ 183» የሚል ጽሑፍ ከተማዋን አጥለቀለቃት። ኒውዮርክ ታይምስ በሐምሌ 1971 ስለ ልጁ ጻፈ። ቁጥሩ የሚኖርበት መንገድ ነው፤ 183ኛው ጎዳና፣ ማንሃተን ሰሜን ጫፍ ላይ። ሥራው ግን መልእክት ማድረስ ነበር። ስለዚህ በሄደበት ሁሉ፣ ሀብታሞቹ ሰፈሮች ሳይቀሩ፣ ስሙን እየጻፈ ያልፋል። የታኪን ታጎች በሙሉ ካርታ ላይ ብናስቀምጥ ምን እናገኛለን? የመልእክተኛ መንገድ እናገኛለን። የቤቱን አካባቢ ለማወቅ ካርታ አያስፈልግም፤ እሱ ራሱ ስሙ ሥር ጽፎታል።

የጽሑፉ ባለቤት «ነጥቡ ያለበት ሰፈር ልጆች ናቸው የሚጽፉት» ብሎ ያለፈው ነገር በዚህ አንድ ልጅ ይወድቃል። ግራፊቲ የሚጽፍ ሰው ሊታይ ይፈልጋል። ሊታይ የሚችለው ደግሞ ሰው በሚያልፍበት ነው። አውራ ጎዳና፣ የባቡር መስመር፣ መሃል ከተማ። ከፍ ያለና ለመድረስ የሚያስፈራ ቦታ ከሆነ ክብሩ ይጨምራል።

ቅርብ ጊዜ የሆነውን እንጥቀስ። በ2024 መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ መሃል ከተማ ውስጥ ግንባታቸው ከ2019 ጀምሮ የቆመ የቅንጦት ሕንጻዎች ነበሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ25 በላይ ወለሎች በግራፊቲ ተሞሉ። ከርቀት እንደ መጽሐፍ ገጽ ይነበቡ ነበር። ፊት ለፊታቸው ከከተማዋ ትልልቅ የስፖርት አዳራሾች አንዱ አለ። ድህነት አይደለም እዚያ ያመጣቸው። ባለቤት የሌለው የሚመስል፣ ከሁሉም አቅጣጫ የሚታይ፣ ጥበቃው የላላ ቦታ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ይህ ሁሉ ወለል በጸሐፊው ካርታ ላይ ስንት ነጥብ ይሆናል? አንድ አድራሻ፣ አንድ ነጥብ።

ወደ ኋላ ራቅ ብንልም ያው ነው። በ79 ዓ.ም. በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረችው ፖምፔ ግድግዳዎች ላይ ከ11,000 በላይ ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ተመራማሪዎች ዛሬ የተጫሩትን ጽሑፎች ከነቦታቸው እያሰፈሩ ነው። የሚገርመው ጽሑፎቹ ጓሮ ብቻ አለመሆናቸው ነው። ሀብታም ቤቶች ውስጥ፣ እንግዳ በሚገባበት አዳራሽ ሳይቀር ተጭረዋል። ሰላምታ፣ ቀልድ፣ ግጥም፣ የፍቅር ቃል። በጸሐፊው ሒሳብ ከሄድን የፖምፔ ባለጸጎች ሳሎናቸውን ችላ ብለውት ነበር ማለት ነው።

ችላ የተባለ ቦታ ላይ ግራፊቲ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል ቢል እስማማ ነበር። የተጻፈው ስለሚበዛ ሳይሆን የሚያጠፋው ስለሌለ ነው የሚከማቸው። ጸሐፊው መጠኑንና ዕድሜውን አንድ ላይ አሽቶታል።

«ካልጸዳ ወንጀል ይከተላል፤ ኒውዮርክን እዩ»

ይሄኛው ክርክር የቆየ ነው። በመጋቢት 1982 ጄምስ ዊልሰንና ጆርጅ ኬሊንግ የተባሉ ሁለት ምሁራን አንድ ታዋቂ ጽሑፍ አወጡ። አንድ የተሰበረ መስኮት ሳይጠገን ከቀረ ሌሎቹም ይሰበራሉ፤ ትንሹ ሥርዓት አልበኝነት ትልቁን ይጠራል የሚል ነው። ጸሐፊው ይህንን ይዞ ወደ ኒውዮርክ ባቡር ሮጠ።

የባቡሩ ታሪክ በእርግጥ ደስ ይላል። በ1984 የባቡር አስተዳደሩ አንድ ሕግ አወጣ። አንዴ የጸዳ ፉርጎ ከተቀባ ሳይጸዳ መንገደኛ አይጭንም። ከ6,000 በላይ ፉርጎዎች ነበሩ። ግንቦት 12 ቀን 1989 የመጨረሻው የተቀባ ባቡር ከአገልግሎት ወጣ። ብልሃቱ ቀላል ነው። ባቡር የሚቀባ ልጅ ደስታው ሥራው ከተማውን ሲዞር ማየት ነው። ባቡሩ ካልወጣ ልፋቱ ውሃ በላው። እዚህ ላይ ለጸሐፊው ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ቶሎ ማጽዳት ግራፊቲን ይቀንሳል፤ በተለይ ንብረቱ በአንድ ባለቤት እጅ ከሆነ፣ ማታ ማታ ወደ አንድ ግቢ የሚገባ ከሆነና ግቢው አጥር ካለው። የከተማ ግድግዳ ግን ማታ ግቢ አይገባም። ሺህ ባለቤት አለው።

ወንጀሉስ? ባቡሮቹ በ1989 ጸዱ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1990፣ ኒውዮርክ በታሪኳ ከፍተኛውን የግድያ ቁጥር መዘገበች፤ ከ2,200 በላይ ሰው ተገደለ። ይህ ማጽዳት ወንጀል ያመጣል ማለት አይደለም። ከተማ ውስጥ በአንድ ጊዜ ስንት ነገር ይንቀሳቀሳል። ግን «ቀለሙ ሲጠፋ ወንጀሉም ጠፋ» የሚለው ተረት ከቀኖቹ ጋር አይገጥምም።

ጸሐፊው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ነበረው፤ ለምን እንደተወው አላውቅም። በ2008 የሆላንድ ተመራማሪዎች በግሮኒንገን ከተማ ሙከራ አደረጉ። ብስክሌት የሚቆምበት መተላለፊያ ነው። እጀታዎቹ ላይ የማስታወቂያ ወረቀት አንጠለጠሉ። ግድግዳው ንጹሕ ሲሆን ከባለብስክሌቶቹ 33 በመቶው ወረቀቱን መሬት ጣሉት። ግድግዳው በግራፊቲ ሲሞላ 69 በመቶው ጣሉት። በሌላ ሙከራ ደግሞ ከፖስታ ሣጥን አፍ 5 ዩሮ የሚታይበት ፖስታ ወጣ ብሎ ይታያል። ሣጥኑ ንጹሕ ሲሆን 13 በመቶው አላፊ አግዳሚ ወሰደው፤ ግራፊቲ ሲኖርበት 27 በመቶው።

ጠንካራ ውጤት ነው። ሁለት ነገር ግን ልጨምር። በፖስታ ሣጥኑ ሙከራ፣ ሣጥኑ ላይ ግራፊቲ ሳይኖር ዙሪያውን ቆሻሻ ሲበተን ደግሞ 25 በመቶው ወስዷል። ቀለሙ የተለየ መርዝ የለውም ማለት ነው፤ ዝርክርክነቱ ነው። ሁለተኛ፣ በመተላለፊያው ላይ «ግራፊቲ ክልክል ነው» የሚል ምልክት በግልጽ ቆሞ ነበር። ሰዎቹ ያዩት ቀለም ብቻ ሳይሆን የተጣሰ ሕግ ነው። ከዚህ ተነስቶ ግራፊቲ ያለበት ሰፈር ዘራፊ ያፈራል ማለት ረጅም ዝላይ ነው። ወረቀት መጣልና ሰው መዝረፍ ለየቅል ናቸው።

«ካሜራና ሰው ሠራሽ አስተውሎት አድልዎ የለባቸውም»

ቀደም ብዬ ከቆጠርኳቸው አምስት ሁኔታዎች ውስጥ ንዴቱን፣ ስልኩንና እምነቱን ካሜራ ያስቀራቸዋል። ማንም ባይደውልም ያያል። ስለዚህ ከጥቆማ ይሻላል፤ እዚህ ላይ አልከራከርም።

ሆኖም የሚያየው መኪና የሚገባበትን ነው። የጎግል ስትሪት ቪው መኪኖች ከ2007 ጀምሮ ዓለምን እየዞሩ ነው። ቀጭን የእግር መተላለፊያ፣ የሕንጻ ጀርባ፣ ወደ ሐዲድ የዞረ ግንብ በአብዛኛው ከዓይናቸው ውጪ ነው። ግራፊቲ ደግሞ የሚወደው እነዚህን ነው። ምስሉም በየቦታው የተነሳበት ዓመት ይለያያል። አንዱ መንገድ የአምና ነው፣ ጎኑ ያለው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር የሰርግ ፎቶን ከትናንት ሰልፊ ጋር እንደማወዳደር ነው።

ዋናው ግን ይሄ ነው። ኮምፒውተሩ ቀለም ያያል። ፈቃድ አያይም። ፈቃድ ወረቀት ላይ ያለ፣ አንዳንዴም በሁለት ሰዎች የቃል ስምምነት ብቻ ያለ ነገር ነው። ባለቤቱ ገንዘብ ከፍሎ ያሳለውና በሌሊት የተሳለው ሥዕል በፎቶ ላይ ቁርጥ አንድ ናቸው። የጽሑፉ ርዕስ ራሱ «ፈቃድ የሌለው» ይላል። ማሽኑ ያን ቃል የሚያነብበት መንገድ የለውም።

«ፈቃድ የሌለው ሁሉ አንድ ነው»

በ1974 ዴቪድ ሌይና ሮማን ሲብሪውስኪ የተባሉ ሁለት የጂኦግራፊ ሰዎች ስለ ፊላደልፊያ ግራፊቲ ጥናት አወጡ። እስከ ዛሬ ከማውቃቸው የግራፊቲ ካርታዎች ሁሉ የምወደው የእነሱን ነው። ኮምፒውተር አልነበራቸውም። ግድግዳዎቹን አነበቡ። ካርታ ላይ ያስቀመጡት «ግራፊቲ አለ» የሚለውን ብቻ አልነበረም፤ ምን እንደሚልና የማን እንደሆነ ለዩ።

ያገኙት ነገር በአንድ ቀለም ካርታ ፈጽሞ የማይታይ ነው። ብቻቸውን የሚጽፉት ልጆች በመላ ከተማው፣ በተለይም ዓይን በሚገባና ለመድረስ በሚያስቸግር ቦታ ይጽፋሉ። የሰፈር ቡድኖች ጽሑፍ ደግሞ በክልላቸው ውስጥ ይከማቻል። ወደ ክልሉ እምብርት ሲጠጋ የቡድኑ ስም ይበዛል። ድንበሩ ላይ ሲደርስ ጸባዩ ይቀየራል፤ ስድቡና ዛቻው ለባላንጣው ይጻፋል። ግድግዳውን ማንበብ የቻለ ሰው ግጭት የት ሊነሳ እንደሚችል መገመት ይችላል። ሁሉንም ቀይ ነጥብ ብታደርጋቸው ግን የቡድኑ እምብርት ይቀላል፣ አደገኛው ድንበርም ይደበዝዛል።

በሕግም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። ብራዚል በ2011 ሕጓን ስታሻሽል በባለንብረቱ ስምምነት የሚሳለውን ግራፊቲ ከወንጀልነት አውጥታ ያለ ስምምነት የሚሞነጨረውን ወንጀል አድርጋ ተወችው። ለሁለቱም የተለያየ ስም አላቸው። ጥሩ መስመር ይመስላል። ነገር ግን በ2017 አዲሱ የሳኦ ፓውሎ ከንቲባ ከተማ አስውባለሁ ብለው ተነሱ። በአንድ ትልቅ ጎዳና ላይ በቀድሞው አስተዳደር ዘመን በፈቃድ የተሳሉ ሥዕሎች በግራጫ ቀለም ተሸፈኑ። ትናንት ፈቃድ የነበረው ዛሬ ቆሻሻ ሆነ። ግድግዳው አልተነቃነቀም።

የአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ደግሞ የተገላቢጦሹ ደረሰባት። በጎዳና ጥበብ የታወቀው ሆዚየር ሌን ውስጥ፣ ማንነቱን ደብቆ የሚሠራው እንግሊዛዊ የጎዳና ሠዓሊ ባንክሲ በስቴንስል (ተቀዶ በተዘጋጀ ቅርጽ ላይ ቀለም በመንፋት) የሠራው በጃንጥላ የምትወርድ አይጥ ነበረች። በ2010 የጽዳት ሠራተኞች መጥተው ቀለም ቀቧት። ታዘዋል፣ አጸዱ። ከዚያ ከተማው ሁሉ አዘነ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ስህተት ነው አለ። የነዚያ ሠራተኞች ካርታ የጸሐፊውን ይመስል ነበር፤ ፈቃድ አለ፣ ፈቃድ የለም፣ አለቀ።

ፈቃድ ብቻውን ዕጣውን እንደማይወስን የሚያሳይ ሌላም አለ። ኒውዮርክ ውስጥ ፋይቭ ፖይንትዝ የሚባል የቆየ ፋብሪካ ነበር። ባለቤቱ ለዓመታት ግራፊቲ እንዲሳልበት ፈቅዶ ነበር። በኅዳር 2013 ሳያስጠነቅቅ በሌሊት ነጭ ቀለም አስቀባው። ሠዓሊዎቹ ከሰሱ። በ2018 ፍርድ ቤቱ ለ21 ሠዓሊዎች 6.75 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ወሰነ። ሕንጻው የራሱ የሆነ ሰው በራሱ ግድግዳ ላይ ቀለም ቀብቶ ተቀጣ! እስቲ ይህንን በሁለት ቀለም ካርታ ላይ አስቀምጡልኝ።

«ቀይ በሆነው ቦታ ቅኝት ይጠናከር»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ነጥቡ የሚነግረን ትናንት የተጻፈበትን ነው፣ ያውም የታየበትን ቀን። ግን ከመዘግየቱ የባሰ ችግር አለው።

ፖሊስ ወደ ቀዩ ቦታ ይሄዳል። እዚያ ስለሚዞር እዚያ ያያል። ያየውን ይመዘግባል። በሚቀጥለው ወር ቦታው የባሰ ይቀላል። መረጃው ራሱን ያራባል። በ2016 ሁለት ተመራማሪዎች ይህንኑ በአሜሪካዋ ኦክላንድ ከተማ የአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል መረጃ አሳይተዋል። የፖሊስን የቀድሞ መዝገብ ለወንጀል ተንባዩ ፕሮግራም ሲመግቡት ፖሊስን ደጋግሞ ወደ እነዚያው ሰፈሮች ላከው። በግምት የተገኘው የዕፅ ተጠቃሚዎች ስርጭት ግን በከተማው በሙሉ የተዘረጋ ነበር።

ፖሊስና ስፕሬይ የያዘ ልጅ በሌሊት ሲገናኙ ደግሞ ጉዳዩ የመረጃ ብቻ አይሆንም። በነሐሴ 2011 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ውስጥ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ግራፊቲ ሲሠራ ቆይቶ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። ሕዝቡ ተቆጣ። ከተማዋ በ2013 አዲስ ደንብ አወጣች፤ የት መሳል እንደሚቻልና የት እንደማይቻል የሚለይ። ዛሬ ቦጎታ በግድግዳ ሥዕሎቿ የምትጎበኝ ከተማ ናት። ለዚያ ደንብም ካርታ ያስፈልጋል። ጸሐፊው ያላሰበው የካርታ አገልግሎት ይኸው ነው፤ የሚፈቀድበትን ቦታ ለመምረጥ።

«ካርታው ከነዝርዝሩ ለሁሉም ክፍት ይሁን»

እዚህ ላይ ግማሽ ልቤ ከሱ ጋር ነው። በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ በፖሊስ ከተገደለ በኋላ በዓለም ዙሪያ በእንጨት ሰሌዳና በግንብ ላይ ብዙ ነገር ተጻፈ፣ ተሳለ። አብዛኛው ማንንም ሳያስፈቅድ ነው። ብዙው በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠፋ። በሚኒሶታ የሚገኘው የሴንት ቶማስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ፎቶውን ከነቦታው እየሰበሰበ ክፍት መዝገብ ሠራ። ያ መዝገብ ባይኖር የዚያ ሰሞን ግድግዳ ምን ይል እንደነበር ማን ያስታውሰው ነበር?

ሌላኛው ግማሽ ልቤ ግን ይፈራል። በ2016 የለንደን ተመራማሪዎች የባንክሲ ናቸው የሚባሉ 140 ሥራዎችን ቦታ ወሰዱ፤ በለንደንና በብሪስቶል። ተከታታይ ወንጀለኛን ለማደን በተሠራ የሒሳብ ዘዴ ውስጥ ከተቷቸው። ዘዴው የነጥቦቹን ስርጭት አይቶ ሰውዬው የት ሊኖር እንደሚችል ይገምታል። ውጤቱን ስሙ አስቀድሞ በጋዜጣ ከተነሳ ሰው መኖሪያና መዋያ ጋር አያያዙት። ባንክሲስ ጠበቃ ያቆማል። አንዲት የተቃውሞ ቃል እየደጋገመ ግድግዳ ላይ የሚጽፍ፣ ተቃውሞ በሚያሳስርበት ቦታ የሚኖር ሰውስ? ቀንና ትክክለኛ ቦታ ያለው ክፍት ሰንጠረዥ እስከ በሩ ይመራል።

ስለዚህ ፎቶው ይውጣ፣ ሰፈሩ ይታወቅ፤ የግድግዳው ትክክለኛ መገኛና ሰዓት ግን አብሮ አይለቀቅ። በተለይ ታጎችን በስም ለይቶ የአንድን ሰው ነጥቦች አንድ ላይ የሚያሳይ ዝርዝር ባይወጣ ይሻላል።

ጸሐፊው ሁለተኛ ክፍል እንደሚያስከትል ጽፏል። እጠብቃለሁ። ከማውጣቱ በፊት ሰንጠረዡ ላይ ጥቂት ዓምዶች እንዲጨምርልኝ እለምነዋለሁ። ግድግዳው ስንት ሜትር ነው? ጽሑፉ ምን ዓይነት ነው? መቼ ታየ፣ መቼስ ጠፋ? ማን ጠቆመው፤ ነዋሪ፣ ፖሊስ ወይስ ካሜራ? በካርታው ላይ ነጭ ሆነው የቀሩት መንገዶችስ ሰው ሄዶ አይቷቸው ነው ንጹሕ የተባሉት፣ ወይስ ማንም አልደወለም?